ከጥቁሩ ትራስ የቀረችው ስፒል

የንስሐ አባቴ ስካሬን ያውቃሉ፤ ጠበኛነቴንም ያውቃሉ፤ በወታደርነቴ ዘመን የሠራሁትን፣ ለማውራት የሚያሳፍረውን ሁሉ አንድ በአንድ ነግሬያቸዋለሁ። ይህችን ግን አያውቋትም። ስድስት ዓመት ሙሉ ለእሳቸውም፣ ለእህቴም፣ ለማንም አልተነፈስኳትም። ሁለቴ አገሬ ገብቼ ፊታቸው ተንበርክኬ ነበር። ሁለቴም ከሆዴ ተነስታ ጉሮሮዬ ላይ ስትደርስ ዋጥ አደረግኳት። እዚህ ሐርጌሳ ደግሞ ተናዛዥ ሞልቷል፣ አናዛዥ ነው የሌለው። ስለዚህ አንባቢዬ፣ ሳላስፈቅድዎ እርስዎን ካህን አድርጌ አስቀምጬዎታለሁ። እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ እንዲሰሙኝ ብቻ ነው።

ታደሰ እባላለሁ። መሐመድ ሞጌ በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር ውስጥ ጎሚስታ ነኝ፤ ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ ባላንስ እሠራለሁ። ከዚያ በፊት ወታደር ነበርኩ፤ ተኳሽ ሳይሆን የመሣሪያ ጥገና ሠራተኛ። የታመመ ጠመንጃ ሰጥተውኝ ሳላድን የቀረሁበት ቀን ጥቂት ነው። እኔ ነኝ ያልኩ ባለሙያ ነበርኩ። ይህን ትዕቢቴን ከአሁኑ ይያዙልኝ፤ ኋላ ይፈለጋል።

የበደልኩት ሰው ሰይድ ይባላል። ሁለታችንም ወሎዬዎች ነን፤ እኔ ከደሴ፣ እሱ ከኮምቦልቻ። እኔ ክርስቲያን፣ እሱ ሙስሊም። እዚህ አገር ስንገባ ያገናኘን አማርኛችን ነው፤ በኋላ ግን ከወንድሜ የበለጠ ሆነ። ሱቁ ከኔ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። ልብስ ሰፊ ነበር። ነበር ማለቴ ሞቶ አይደለም፤ ሰውዬው በሕይወት አለ። የሞተው ስፌቱ ነው። የገደልኩትም እኔ ነኝ።

እጁን ቢያዩት! የሴቶቹን ስስ የሐር ቀሚስ መኪናው ስር ሲያስገባ ግራ እጁ ጨርቁን የሚነካው አይመስልም ነበር። እያወራ፣ ወደ መንገዱ እያየ፣ ሰላምታ እየመለሰ ይሰፋል፤ ስፌቱ ግን ክር አይስትም። የሶማሌ ሴቶች ከሌላው ሰፈር፣ ከአሕመድ ዳጋህ ድረስ ጨርቃቸውን ተሸክመው ወደሱ ይመጡ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በጅግራ ነው። ሱቆቹን ያከራዩን ሐጂ ጅብሪል ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ደረቁ ወንዝ ዳር የአትክልት ቦታ አላቸው። ጅግራ መንጋ እየሆነ እየመጣ ቲማቲሙንም ሐብሐቡንም እየጫረ ፈጀባቸው። ከአባታቸው የወረሱት፣ ፈቃድ ያለው አሮጌ ጠመንጃ ነበራቸው። ግን የጦር ሜዳ ጠመንጃ ነው። ጥይቱ ጅግራዋን ካገኛት ላባ እንጂ ሥጋ አይተርፍም፤ ከሳታት ደግሞ ወንዙን ተሻግሮ የማን ቤት እንደሚገባ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። በድምፁም የጎረቤት ግመሎች ደንብረው እረኞቹን ቀኑን ሙሉ አሯሯጧቸው። ሽማግሌዎች መጥተው ሐጂን «ይተዉ» አሏቸው፤ ምን አለፋዎት፣ ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ሰይድ ደግሞ ለጅግራ ሥጋ ነፍሱ ነው። ሐጂ ወፍ አይበሉም፤ «ወፍ ደግሞ ምግብ ሆኖ?» እያሉ ይስቁበታል። እኔም ክርስቲያን ነኝና የሰይድን ዕርድ አልበላም። ስለዚህ በላተኛው እሱ ብቻ ነው። ታዲያ ወፏ ነፍሷ ሳትወጣ ደርሶ፣ ቢስሚላህ ብሎ ማረድ አለበት። በዚያ በጦር ጥይት ከተመታች ምኗ ይታረዳል?

መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ «ቀላል ጥይት እንሥራ» ያልኩት። የተተኮሰውን ቀለሃ ሰብስበን እንደገና እንሞላዋለን። ከጎማ ባላንስ የተረፈውን እርሳስ አቅልጬ በፎርማ አፈሰዋለሁ፤ ሲበርድ ለስላሳ አረር ይወጣዋል። ባሩዱን ከወትሮው በጣም እናሳንሰዋለን። ትንሽ ስለሆነ ሰፊው ቀለሃ ውስጥ እንዳይንከባለል ከላዩ ጥጥ ይጎዘጎዝበታል፣ ከዚያ አረሩ አፉ ላይ ይገባል። ሲተኮስ ድምፁ በር ተገፍቶ እንደተዘጋ ያህል ነው። ጅግራዋን ጥሎ ያስቀራታል እንጂ አይበታትናትም፤ ግመል ቀና ብሎ አያይም። ሐጂ ደስ ብሏቸው ጠመንጃውን ከግድግዳ አወረዱልን።

ይህ ሥራ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ባሩድ የተረሳበት ቀለሃ ካለ፣ ቂጡ ላይ ያለችው ማቀጣጠያ ብቻዋን አረሩን ትገፋውና አፈሙዙ መሀል ትወሽቀዋለች። አረሩ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ተኳሹ ሳያይ ሌላ ከተኮሰ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር ይላተምና ብረቱ ይፈነዳል። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ለዚህም ነው ሕግ ያወጣሁት። ጥጥ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ቀለሃ ውስጥ በባትሪ ይታያል፤ ጥጡ ከገባ በኋላ ቢነቀንቁትም ድምፅ የለውም። በዚህ ሕግ ሰይድ ላይ ስንቴ እንደጮህኩ!

ሰይድም ከስፌት ቤቱ የራሱን ሕግ አመጣ። ሁለት የስፒል ትራስ ሰፋ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቢጫ። ሃያ ቀለሃ ሲደረደር ሃያ ስፒል ጥቁሩ ላይ ይሰካል። አንድ ቀለሃ ባሩድ በገባበት ቁጥር አንድ ስፒል ከጥቁሩ ተነቅላ ቢጫው ላይ ትሰካለች። ሥራው ሲያልቅ ጥቁሩ ባዶ ከሆነ ሰላም ነው። እኔ ሳቅኩበት።

«ሰይዶ፣ ጥይት ነው የምንሞላው ወይስ የሙሽራ ቀሚስ?»

«ታዴ፣ ዓይን ይሰለቻል» አለኝ። «ስፒል አይሰለችም።»

ያ ዓርብ እንዲህ ነበር። ለጁምዓ መንደሩ በሙሉ ሲዘጋ እኔም እዘጋለሁ፤ ሥራችንን የምንሠራው ያን ጊዜ፣ ከአዛን በፊትና በኋላ፣ እኔ ሱቅ ውስጥ ነው። ሰይድ ባሩዱን እያፈሰሰ፣ ስፒሉን እያዛወረ አሥራ ሁለት አደረሰ። አዛን ሲል ተነሳ። «የቀረችውን ስምንት አንተ ጨርስ፤ ባትሪውን እንዳትረሳ» አለኝ። ለኔ! ሕጉን ላወጣሁት ሰው! ትንሽ ከነከነኝ። «ሂድ ስገድ፣ ለእኔ ደግሞ አስተማሪ ሆንክብኝ» አልኩት። እየሳቀ ወጣ።

መሀል ላይ እህቴ ደወለች። ወንድማችን ሊያገባ ነው፣ ካልመጣህ ወንድም የለኝም በል፣ እናታችን አልቅሳለች፣ አለችኝ። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል ይዤ ባሩዱን ማፍሰሴን ቀጠልኩ። ለምን አላቆምኩም? እጄን የያዘው ማን ነበር? ማንም። እየጮህኩ አፈሰስኩ፣ እየጮህኩ ስፒል ነቀልኩ። ስልኩን ስዘጋ ደሜ ፈልቶ ነበር። ባትሪው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አላነሳሁትም። ለስምንቱም ጥጥ ጎዘጎዝኩ፣ ለስምንቱም አረር አስገባሁ፣ ከሰይድ አሥራ ሁለቱ ጋር ቀላቀልኳቸው። ሁሉም አንድ መልክ ሆኑ።

ከዚያ ጥቁሩን ትራስ አየሁት። አንዲት ስፒል ቀርታለች።

እርስዎ ምን ያደርጉ ነበር? ቆይ፣ አይመልሱልኝ፤ እኔ የምለውን ልጨርስ። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ባሩዱን አፍስሼ ስፒሏን መንቀል ረስቻለሁ፤ ወይ አንድ ቀለሃ ባዶውን አልፌዋለሁ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ አረሮቹን ሁሉ መንቀል፣ ጥጡን ማውጣት፣ የሳምንቱን ሥራ ማበላሸት ነበረብኝ። እሱስ እዳው ገብስ ነው። የከበደኝ ሌላ ነው። ሰይድ ከመስጊድ ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ የተበተነ ነገር አይቶ «ምን ሆንክ?» ሲለኝ «ባትሪውን ረሳሁት» ማለት ነበረብኝ። እኔ! እኔ ነኝ ያልኩት ባለሙያ! ውጭ የጫማ ድምፅ ተሰማኝ፤ ሰጋጆቹ እየተመለሱ ነው። ስፒሏን ከጥቁሩ ነቀልኳት። ቢጫው ላይ ሰካኋት።

ስፒሏን እኔ ሰካኋት። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፤ ሰይጣን ስፒል አይነቅልም። በገዛ ሁለት ጣቴ ነው።

ሰይድ ገብቶ መጀመሪያ ያየው ትራሶቹን ነው። ጥቁሩ ባዶ ነው። «ማሻአላህ፣ ጎበዝ» አለኝ። እኔም ጎበዝ መባሉን ተቀበልኩ።

በማግስቱ፣ የዐስር ሶላት ተሰግዶ ፀሐዩ በረድ ሲል ወደ አትክልቱ ቦታ ሄድን። ሐጂ ከቲማቲሙ ጋር ሲነጋገሩ እኛ ወደ እሾህ አጥሩ ወረድን። ሰይድ አራት ተኩሶ ሦስት ጣለ፤ እየሮጠ አረዳቸው። የማርያም ያለህ፣ እንዴት ደስ ብሎት ነበር! እኔም ጭንቀቴ ሊለቀኝ ጀመረ፤ ምንም አልነበረም ለካ፣ ስፒሏን ነው የረሳሁት አልኩ። አምስተኛዋን ሲተኩስ ድምፅ አልነበረም ማለት ይቻላል። ቅርንጫፍ እንደመቀንጠስ ያለች ነገር ብቻ። ጅግራዋ ባለችበት ቆማ ታየናለች።

እኔ ሰማሁት። ይህን ነው ለንስሐ አባቴም መናገር ያቃተኝ። ከሰይድ አምስት እርምጃ ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር፤ ሰማሁት፣ ምን እንደሆነም ገባኝ። የዕድሜዬን እኩሌታ ያንን ድምፅ ስፈራ የኖርኩ ሰው እንዴት አይገባኝም? «ተው!» ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። ግን «ተው» ካልኩ «ለምን?» ይለኛል፤ አፈሙዙ ይታያል፤ የስፒሏ ነገር ይመጣል። ይህን ሁሉ አስቤ ነው ዝም ያልኩት ወይስ ደንግጬ? ስድስት ዓመት ራሴን ጠየቅኩት። አንድ ቀን ደንግጬ ነው እላለሁ፤ በማግስቱ አላምነውም። ሰይድ ወፏ እንዳታመልጠው ፈጥኖ አቀባበለ። እኔም ዝም እንዳልኩ ተኮሰ።

የፈነዳው ግራ እጁ ከያዘው ቦታ ላይ ነው።

በሐጂ መኪና ወደ ሆስፒታል ስንበር እጁን በጥምጣማቸው ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዤው ነበር። ሰይድ ፊቱ አመድ መስሏል። ምን እንደጠየቀኝ ያውቃሉ? «ታዴ፣ ሦስተኛዋን በደንብ አርጃታለሁ አይደል? ሐራም እንዳትሆን።» አዎ አልኩት። ያን ቀን የተናገርኩት እውነት እሱ ብቻ ይመስለኛል።

ሦስት ጣት ተቆረጠ። አውራ ጣቱና ትንሿ ቀሩ፤ አውራ ጣቱም አይታጠፍም። ሐኪሙ እጁ በመትረፉ እግዜርን አመስግኑ አለን። ሐኪሙ ሰውዬው ልብስ ሰፊ መሆኑን አላወቀም።

በሦስተኛው ቀን ሐጂ ጅብሪል መጡ። ጠመንጃውን እንድመረምር ሰጥተውኝ ስለነበር የተላተሙትን ሁለት አረሮች አሳየኋቸው፤ አንዱ ቀለሃ ባሩድ አልነበረውም አልኳቸው። ሐጂ አዩኝ፤ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩኝ። «ወርያ፣ አንተ ጎሚስታ፣ የሞላው ማነው?» አሉ። እኔ የሆስፒታሉን ወለል አየሁ። አንድ ሸክላ ተሰንጥቋል፤ አሁን ብሄድ የትኛው እንደሆነ አሳይዎታለሁ።  ከአልጋው ላይ ሰይድ በሶማልኛ መለሰ።

«እኔ ነኝ ሐጂ። እሱ የለበትም።»

ሐጂ ወጥተው እኔና እሱ ብቻችንን ስንቀር ነገሩን አስረዳኝ። ለኔ አስረዳኝ! ሲተኛም ሲነቃም ሲያስበው እንደነበር ነገረኝ። «ጥቁሩ ትራስ ባዶ ነበር፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ እንግዲህ ስፒል ተነቅላ ባሩድ ያልገባበት ቀለሃ አለ ማለት ነው። አንተ በባትሪ ታያለህ፣ አንተ አትስትም። እኔ ግን ጁምዓ እንዳያመልጠኝ ስቸኩል ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እኔ ነኝ። ድምፁ ሲያንስም ሰምቼ ነበር፣ ለወፏ ስስገበገብ ነው ደግሜ የተኮስኩት። አጠገቤ ቆመህ ነበር፣ ልገድልህም እችል ነበር።» ይህን ብሎ በደህናው እጁ እጄን ያዘ።

«አፉ በለኝ ታዴ።»

የወሎ ሰው ካልሆኑ ልንገርዎት። አፉ በለኝ ማለት ይቅር በለኝ ነው፤ ሙስሊሞቹ ሲታመሙ፣ መንገድ ሲሄዱ፣ ረመዳን ሊገባ ሲል ይባባሉታል። የተጠየቀ ሰው «አፉ ብያለሁ» ይላል፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል፣ ከፈጣሪ ፊትም አይነሳም። ቀላል ቃል አይደለም። እኔም ከሕፃንነቴ ጀምሮ ከጎረቤቶቻችን ጋር ስባባለው ያደግኩት ነው።

ምን ያልኩት ይመስልዎታል?

«አፉ ብያለሁ» አልኩት። አየህ ሰይዶ፣ አይዞህ፣ የሰው ልጅ ይሳሳታል፣ አልኩት። እጁን መታ መታ አደረግኩለት። እሱ አለቀሰ። ምስጋና ነበር የሚያስለቅሰው። ወይ ጉድ! ጣቶቹን የወሰድኩበት ሰው፣ ጣቶቹን ስለወሰድኩበት ይቅርታ ጠይቆኝ፣ እኔ ይቅር አልኩት።

ስፒሏን ስሰካት ፈሪ ነበርኩ፤ ወንዙ ዳር ዝም ስል ምናልባት ደንጋጣ ነበርኩ። ሆስፒታል ውስጥ ግን ምን ነበርኩ? እዚያ የሚያባርረኝ አልነበረም። ጊዜ ነበረኝ። አልጋው አጠገብ ወንበር ነበር፣ ተቀምጬበታለሁ። አንዲት ቃል ብቻ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም ሆነ።

ስፌት መኪናውን አንድ ዓመት ያህል በጨርቅ ሸፍኖ አስቀመጠው። አንዳንዴ ጨርቁን ገልጦ ይቀመጥበትና ግራ መዳፉን ሰሌዳው ላይ አሳርፎ ቁራጭ ጨርቅ ያስገባል። ጨርቁ ይሸሻል። በግድግዳው በኩል መኪናዋ ጀምራ ስትቆም፣ ጀምራ ስትቆም እሰማት ነበር፤ የጎማ መንፊያውን ሆን ብዬ አስነሳ ነበር፣ እንዳልሰማት። በኋላ መኪናውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ አሕመድ ዳጋህ ክርና አዝራር የሚሸጥባት ትንሽ ቦታ ተከራየ። የድሮ ደንበኞቹ አዝራር ይገዙና ሌላ ሰው የሰፋላቸውን ያሳዩታል። እሱም ያደንቅላቸዋል፤ ሲሄዱ ግን «ብብቱ ላይ ስቶታል» ይለኛል ቀስ ብሎ።

በየዓመቱ ረመዳን ሊገባ ሲል ይመጣል። በየዓመቱ «አፉ በለኝ» ይለኛል፤ የእጁን ነገር ስም ሳይጠራ። እኔም በየዓመቱ አፉ እለዋለሁ። ጥፋተኛው እኔ፣ ይቅር ባዩም እኔ። አንድ ዓመት እንደውም ሥራ በዝቶብኝ ጎማ እየፈታሁ ነው፣ ቀና ሳልል፣ «አፉ ብያለሁ ብዬህ የለም እንዴ?» ያልኩት። ይህንንም ይመዝግቡልኝ።

ማክሰኞ ዕለት መጥቶ ለሁልጊዜው ወደ ኮምቦልቻ ሊገባ መሆኑን ነገረኝ። እሑድ ይሄዳል። ይህን መጻፍ የጀመርኩት ያን ቀን ነው። እስከ ዛሬ የጻፍኩት ሁለቴ ተቀዷል፣ ምክንያቱም በሁለቱም ላይ ራሴን ሳባብል አገኘሁት። አንዱ ላይ «ወጣት ነበርኩ» ብዬ ጽፌአለሁ። አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር!

ዛሬ ዓርብ ነው። ሰይድ ረፋዱ ላይ መጣ፤ በእግሩ ነው የመጣው፣ ላብ በላብ ሆኖ። ከፌስታል ውስጥ ሁለቱን ትራሶች አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጣቸው። ቢጫው ላይ ሃያ ስፒል እንደተሰካ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አልነካቸውም። ጥቁሩ ባዶ።

«ማስታወሻ ይሁንህ» አለኝ። «ቸኩዬ እንዳበላሸሁት፣ አንተም እንዳልተቀየምከኝ።» ከዚያ አዛን ሲል ተነሳ። «ስመለስ አፉ ተባብለን እንለያያለን።»

ሱቁን ዘግቼ ከትራሶቹ ጋር ተቀምጫለሁ። ስድስት ዓመት እሱ ላይ የመሰከሩት እነዚህ ናቸው፤ የሐሰት ምስክር ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። አሁን ከቢጫው አንዲቱን ነቅዬ ጥቁሩ ላይ፣ ያኔ የነበረችበት ቦታ ላይ መልሼ ሰክቻታለሁ። ከትራስ ላይ ስፒል መንቀል ይህን ያህል ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሰይድ እንደሁ የስፒል ነገር አያልፈውም፤ በሩን ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው። «ታዴ፣ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። የስልኩን፣ የባትሪውን፣ የስፒሏን፣ ወንዙ ዳር የሰማሁትን፣ የሆስፒታሉን ወለል፣ ሁሉንም።

አንባቢዬ፣ ከእርስዎ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ጣቶቹ የእርስዎ አይደሉም። እሱንም አፉ በለኝ አልለውም። አውቀዋለሁ እኮ፤ ቃሉን ካወጣሁ ሳያስብ፣ ደሙ ሳይፈላ፣ «አብሽር፣ አይዞህ ታዴ» ብሎ ሊገላግለኝ ይችላል። ያ ሰው እንዲቆጣ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ልቡ ከፈቀደ ይስደበኝ፣ ከፈለገ ለሐጂ ይንገር፣ ከፈለገ ሳይሰናበተኝ ይሂድ። የሰጠሁትን ይቅርታ ሁሉ ግን ዛሬ እመልስለታለሁ፤ መጀመሪያም የኔ አልነበረም።

ሰዎች ከመስጊድ እየወጡ ነው፤ የጫማ ድምፅ ይሰማኛል። ያኔም በዚህ ድምፅ ነው ስፒሏን የነቀልኳት። ተነስቼ በሩን ከፍቻለሁ። ሰይድ ከመንገዱ ማዶ መኪና እስኪያልፍለት ቆሟል፤ አይቶኝ ግራ እጁን ከፍ አደረገልኝ።